ባክቴሪያ በፕሮቲኑ ክብደት ስለሚታወቅበት ምርመራና ስለ ናሙናው አዘገጃጀት

በአገራችን ትኩሳት ብዙ ስም አለው። ንዳድ ይባላል፤ ተስቦ ይባላል፤ ግርሻ ይባላል። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዱ አንድን በሽታ ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ እንደ ተስቦ ያለው ግን ከአንድ የበለጠ በሽታ ጠቅልሎ የያዘ ነው። በቅማል የሚተላለፈውም ትኩሳት፣ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጣውም የአንጀት ትኩሳት በዚሁ በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በሽተኛው ለጎረቤቱ ሲናገር በዚህ ስም ቢጠቀም ጉዳት የለውም። ለሐኪም ግን ይህ አይበቃውም። የሚያዝዘው መድኃኒት አንዱን ባክቴሪያ ገድሎ ሌላውን የማይነካ ሊሆን ስለሚችል፣ በበሽተኛው ደም ወይም ቁስል ውስጥ ያለው ተሐዋሲ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ግዴታው ነው።

በደሴ ከተማ ከፒያሳ ተነሥቶ በትኩሳት ምክንያት ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ደሙ በተቀዳ ጊዜ፣ ደሙ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የተቀዳ ደም መልሱ ለምን ነገ አይደርስም ብሎ የሚቆጣ ዘመድ ግን ብዙ ነው። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ምክንያቱን ቢያውቀው ይሻላል።

ደሙ በመጀመሪያ ባክቴሪያን የሚመግብ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ በሰው ገላ ሙቀት ልክ ይቀመጣል። በውስጡ ባክቴሪያ ካለ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተራብቶ ይታያል። ከዚያም ጥቂቱ ተወስዶ አጋር በተባለው እንደ ሙጫ በረጋ ምግብ ላይ ይሰመርና ያድራል። በማግሥቱ በዓይን የሚታዩ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይገኛሉ፤ እነዚህም ኮሎኒ ይባላሉ። አንዱ ኮሎኒ ከአንድ ባክቴሪያ የተወለዱ ሚሊዮኖች የተከማቹበት ነው። በቀድሞው አሠራር መርማሪው ይህን ኮሎኒ ልዩ ልዩ ስኳርና ሌላም ንጥረ ነገር እያቀረበ የትኛውን እንደሚበላና የትኛውን እንደሚተው ለማየት እንደ ገና ያሳድረዋል። ይህ ሁሉ ስም ለማውጣት ብቻ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ደግሞ ሌላ ሌሊት ያስፈልጋል። እንግዲህ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቢወስድ መርማሪው ዳተኛ ስለ ሆነ አይደለም። ገና በተወለደ ሕፃን ደም ውስጥ ባክቴሪያ ሲገባ ግን አንዲት ቀን እንኳ ብዙ ነች።

ደሴ በዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የከተማዋ ላቦራቶሪ፣ ዛሬ የአማራ ሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ የሚባለው፣ ባክቴሪያ ሲያሳድግና ሲለይ ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በዚህ ላቦራቶሪ ከቁስል የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምሮ፣ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሌሎቹ ሁሉ በዝቶ መገኘቱን አስታውቋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በነካ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች መዘረፋቸውና መሰባበራቸው የታወቀ ነው። መሣሪያ በሌላ መሣሪያ ይተካል። ናሙናን በሥርዓት የሚያዘጋጅ እጅ ግን በግዢ ስለማይመጣ፣ በዚህ ወር የምንናገረው ይበልጡን ስለዚሁ እጅ ነው።

ባክቴሪያን እንደ መመዘን

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት አዲሱ መንገድ ማልዲ ቶፍ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይባላል። ስሙ ረዥም ቢሆንም አሳቡ ቀላል ነው፤ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች እየለየ የሚመዝን መሣሪያ ነው። ማንኛውም ሕያው ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ሪቦሶም የተባሉ እጅግ ረቂቅ ክፍሎች አሉት። የእነዚህ ክፍሎች ፕሮቲኖች በብዛት ስለሚገኙና በእያንዳንዱ የባክቴሪያ ወገን ክብደታቸው ጥቂት ጥቂት ስለሚለያይ፣ ክብደታቸው በተርታ ሲጻፍ እንደ ጣት አሻራ ባለቤቱን ያሳውቃል። መሣሪያው የሚመለከተው ከ2,000 እስከ 20,000 ዳልተን የሚመዝኑትን ነው። አንድ ዳልተን የአንዲት ሃይድሮጂን አቶም ክብደት ያህል መሆኑን መምህራን ያስታውሳሉ።

እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር የሚመዝን ሚዛን ስለሌለ ክብደቱ የሚታወቀው በሩጫ ነው። ናሙናው በብረት ሰሌዳ ላይ ማትሪክስ ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተደባልቆ ይደርቃል። አየር በተመጠጠለት ክፍል ውስጥ ዓይን የማያየው ከሐምራዊ ቀለም ወዲያ ያለ የሌዘር ብርሃን ሲመታው፣ ማትሪክሱ ብርሃኑን ውጦ በቅጽበት ይተንናል፤ ፕሮቲኖቹንም ሳይሰባበሩ ይዟቸው ይነሣል፤ የኤሌክትሪክ ሙልም ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉንም በእኩል ጉልበት ገፍቶ በረዥም ቱቦ ውስጥ ይለቃቸዋል። ሁለት ሰዎች እኩል ጉልበት ኖሯቸው አንዱ ባዶ እጁን፣ ሁለተኛው ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ከፒያሳ እስከ ሆጤ ቢሮጡ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው። በቱቦውም ውስጥ ቀላሉ ፕሮቲን ቀድሞ ይደርሳል፤ ከባዱ ይዘገያል። ለተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ቢሠራ ደስ የሚል ሒሳብ አለው፤ አራት እጥፍ የሚከብደው ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ሁለት እጥፍ ነው።

ይህ ጥበብ በአንድ ሰው የተገኘ አይደለም። ባክቴሪያን በማስ ስፔክትሮሜትር ለመለየት የተደረገውን የመጀመሪያ ሙከራ አንሃልትና ፌንስላው የተባሉ ሊቃውንት በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ትልልቅ ፕሮቲኖች ሳይሰባበሩ ሊነሡ አልቻሉም። በ1980ዎቹ ዓመታት በጃፓን አገር ኮይቺ ታናካ የተባለ መሐንዲስ በስሕተት ግሊሰሪንን ከደቀቀ የኮባልት ዱቄት ጋር ደባለቀ፤ ዱቄቱ ውድ ስለ ነበረ መድፋቱን ጠልቶ ቢሞክረው ተሳካለት። በ2002 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ እርሱ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ማትሪክስ ግን ካራስና ሂለንካምፕ የተባሉ ጀርመናውያን የደረሱበት ዓይነት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ በየዕለቱ የሐኪም ቤት ሥራ ላይ 1,660 ባክቴሪያዎች ተመርምረው ከመቶ 95.4 ያህሉ በትክክል ታወቁ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ለሕክምና ምርመራ እንዲውሉ ፈቀደ።

ናሙናው እንዴት እንደሚዘጋጅ

መሣሪያው የሚመዝነው የቀረበለትን ብቻ ነው። ከሁለት ኮሎኒ የተቀላቀለ ቢቀርብለት የተቀላቀለ ይመዝናል፤ ከአጋሩ ተጭሮ የመጣ ቢቀርብለት አጋሩንም አብሮ ይቀበላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በብረት ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት፣ ባክቴሪያው በተዘራበት ሳሕን ላይ ነው። ኮሎኒዎቹ ተራርቀው እንዲበቅሉ አዘራሩ ስስ መሆን አለበት። ዕድሜያቸውም ከ18 እስከ 24 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። ለብዙ ቀን ተረስቶ የቆየ ኮሎኒ ፕሮቲኑ እየተበላሸ ስለሚሄድ የሚሰጠው ምልክት ደካማ ይሆናል። ዓርብ የተዘራውን ሰኞ መመርመር የለመደ ላቦራቶሪ ይህን ልማድ ቢተው ይሻለዋል።

ቀላሉ መንገድ ቀጥታ መቀባት ነው። አንድ ብቻውን የቆመ ኮሎኒ በንጹሕ የእንጨት ስንጥር ጫፍ ተነክቶ በሰሌዳው ላይ በተከበበው ትንሽ ቦታ ይቀባል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ያደረገ የሚሻል ይመስለዋል። ቅቡ በዓይን ለመታየት እስኪያዳግት ድረስ ስስ መሆን አለበት። ከወፈረ ማትሪክሱ ዘልቆ ሊገባበት አይችልም፤ ሌዘሩም ላይ ላዩን ብቻ ይመታዋል።

በቅቡ ላይ ከመቶ 70 እጅ የሆነ ፎርሚክ አሲድ 1 ማይክሮ ሊትር ይጨመርበታል። አንድ የውኃ ጠብታ 50 ማይክሮ ሊትር ያህል ነው ብለን ብንገምት፣ ይህ የጠብታ ሃምሳኛ ክፍል ነው። ፎርሚክ አሲድ ስሙን ያገኘው ጉንዳን ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። በ1671 እ.ኤ.አ. ጆን ሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ጉንዳኖችን አፍልቶ በትነቱ እንዳገኘው ተጽፏል። ጉንዳን የነከሰው ሰው ቁጣውን ያውቀዋል። በላቦራቶሪም ሥራው ይኸው ነው፤ የባክቴሪያውን ቅርፊት እያቃጠለ ከፍቶ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች እንዲወጡ ያደርጋል። ቅርፊታቸው ወፍራም የሆኑት እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉትና የእርሾ ወገኖች ያለ እርሱ በደንብ አይከፈቱም።

አሲዱ ሲደርቅ ማትሪክሱ 1 ማይክሮ ሊትር ይደረብበታል። በባክቴሪያ ሥራ የተለመደው ማትሪክስ ሲያኖ ሃይድሮክሲ ሲናሚክ አሲድ የሚባለው ሲሆን፣ የሚሟሟውም በአሴቶኒትሪል፣ በውኃና በጥቂት ትራይፍሎሮ አሴቲክ አሲድ ነው። በብርሃን ስለሚበላሽ በጨለማ ይጠበቃል። ፈሳሹ በራሱ ጊዜ ሲተን ማትሪክሱ ፕሮቲኖቹን በውስጡ ይዞ እንደ ጨው ይረጋል። በትንፋሽ እፍ ብሎ ወይም በእሳት አሙቆ ለማድረቅ መቸኮል አይገባም፤ የረጋው ጨው እንዳልተስተካከለ ሁሉ ንባቡም አይስተካከልም። ማትሪክሱ ሳይደረብ የደረቀው ቅብ ለብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ቢቆይም ፕሮቲኑ ይጎዳል።

በዚህ መንገድ መልስ ያልሰጠ ባክቴሪያ ሲያጋጥም፣ ለምሳሌ እንደ ተልባ የሚንጠለጠል ዝልግልግ ኮሎኒ የሚያበቅለው ክሌብሲየላ፣ ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል። 300 ማይክሮ ሊትር ንጹሕ ውኃ በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ይደረግና ኮሎኒው በደንብ ይበጠበጥበታል። ከዚያ 900 ማይክሮ ሊትር ንጹሕ ኤታኖል ይጨመራል። ከ1,200 ውስጥ 900 ኤታኖል ስለ ሆነ ድብልቁ ከመቶ 75 እጅ አልኮል ነው ማለት ነው፤ ይህም ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ፕሮቲናቸውን ግን ሳያበላሽ ያቆያል። ቱቦው በደቂቃ 13,000 ጊዜ በሚሽከረከር ሴንትሪፊውጅ ለ2 ደቂቃ ያህል ይዞርና ባክቴሪያው ከታች ይዘቅጣል። ፈሳሹ ተደፍቶ እንደ ገና ይዞራል፤ የቀረችውም እርጥበት ትወጣለች። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ኤታኖል የቀረበት ዝቃጭ ፕሮቲኑን በደንብ አይሰጥም። ዝቃጩ ሲደርቅ እንደ ብዛቱ ከ5 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ፎርሚክ አሲድ፣ ቀጥሎም በዚያው ልክ አሴቶኒትሪል ይጨመርበትና ይዞራል። ፕሮቲኑ ያለው አሁን ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ስለ ሆነ ከእርሱ 1 ማይክሮ ሊትር በሰሌዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሲደርቅም ማትሪክሱ ይደረብበታል።

ባክቴሪያ ከበቀለበት የደም ጠርሙስ በቀጥታ ለመመርመር የሚፈልግ መርማሪ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። የደማችን ቀይ ሕዋሳት ሄሞግሎቢን የሚባለውን ፕሮቲን በብዛት ስለያዙና ክብደቱም መሣሪያው በሚመለከተው ወሰን ውስጥ ስለሚወድቅ የባክቴሪያውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ቀይ ሕዋሳቱ በሳፖኒን ወይም ይህን በመሰለ ንጥረ ነገር ተሰብረውና ደጋግመው ታጥበው መወገድ አለባቸው።

ፎርሚክ አሲድና ትራይፍሎሮ አሴቲክ አሲድ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ አሴቶኒትሪል በእሳት ፈጥኖ የሚያያዝ መርዝ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ፣ ጢሱን የሚስብ ሳጥንም ያስፈልጋል። ፈሳሽን በአፍ መምጠጥ ከቀድሞ ጀምሮ መጥፎ ልማድ ነው፤ በዚህ ሥራ ግን አደጋው እጥፍ ድርብ ነው።

ደሴ ከፍታ ላይ ስለ መሆኗ

በመጽሐፍ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠረፍ አቅራቢያ በሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ በዚህ ከፍታ ስለሚሳሳ ውኃ በደሴ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽሮና ባቄላ በደሴ ለምን እንደሚዘገይ ባልትና የሚያውቁ እናቶች ከመምህሩ በፊት ያውቁታል።

ይህ ለናሙና አዘጋጁ ታላቅ ነገር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና ዘመዶቹ ሲዘጋጁ ከሁሉ አስቀድሞ በ95 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዲሞቱ የሚያዝዝ የታወቀ ሥርዓት አለ። መርማሪው በደሴ ቱቦውን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሰዓት ቢቆጥር፣ ውኃው እንደ ማዕበል ቢንተከተክም 95 ዲግሪ ሊደርስ አይችልም። የሞተ መስሎት ቱቦውን የሚከፍት ሰው በሕይወት ያለ ነቀርሳ ሊተነፍስ ይችላል። በዚህ ምክንያት በውኃ ፈንታ ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ደረቅ የብረት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ የቱቦው ክዳን ይጠበቃል፤ ሙቀቱም በቴርሞሜትር ይታያል እንጂ በመፍላቱ አይገመትም። የነቀርሳው ቅርፊት ሰም የበዛበት ስለ ሆነም አሲዱ ብቻ ስለማይከፍተው በደቃቅ የመስተዋት ዓይነት ዶቃዎች ተንቀጥቅጦ ይሰበራል።

የባክቴሪያውን ምግብ የሚቀቅለው የእንፋሎት ድስት፣ ኦቶክሌቭ የሚባለው፣ እንዲሁ ነው። በባሕር ጠረፍ የሰዓቱ መርፌ 15 ፓውንድ ሲያሳይ በውስጡ 121 ዲግሪ አለ ማለት ነው። በደሴ ግን ያው 15 ፓውንድ 117 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ 121 ለመድረስ መርፌው 19 ፓውንድ ገደማ ማሳየት አለበት። ድስቱ ይህን ግፊት የሚችል መሆኑ ሳይረጋገጥ ግን አይሞከርም። በውስጡ ያለውን ሙቀት የሚያሳይ ቴርሞሜትር ያለው ድስት መግዛት ከሁሉ ይሻላል። በደንብ ያልተቀቀለ አጋር የራሱን ተሐዋስያን አብቅሎ ያቀርብና መሣሪያው በቅንነት የእነርሱን ስም ይጠራል፤ ሐኪሙም በበሽተኛው ገላ ላይ የሌለ ጠላት ያሳድዳል።

አየሩ በመሳሳቱ አሴቶኒትሪልና የመሳሰሉት ፈሳሾች ፈጥነው ይተንናሉ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ የዋለ የማትሪክስ ብልቃጥ ማታ ሲታይ መጠኑ ተለውጦ ይገኛል።

ፈጥነው ስለማይነኩት

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ሰውና ከብት ተቀራርበው ይኖራሉ፤ በኮምቦልቻም የእንስሳትን በሽታ የሚመረምር ላቦራቶሪ መኖሩ በዚህ ምክንያት ጥቅሙ ብዙ ነው። ከብቶችን የሚያስወርደው ብሩሴላ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በላቦራቶሪም ሠራተኛን በማስያዝ የታወቀ ነው። ኮሎኒው ትንሽና ምንም የማያስፈራ ይመስላል። በሰሌዳ ላይ ሲቀባ ግን ገና በሕይወት አለ። ከዚህም በላይ የመሣሪያው መዝገብ ብሩሴላን ካልያዘ፣ ኦክሮባክትረም በሚባለው በቅርብ ዘመዱ ስም ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ በሽተኛው ከብት አርቢ መሆኑን፣ ጥሬ ወተት መጠጣቱን ወይም የወረደ ጥጃ መንካቱን ቢጽፍ ለመርማሪው ከመሣሪያ ይልቅ ይረዳዋል። እንዲህ ያለው ናሙና በመከላከያ ሳጥን ውስጥ በኤታኖል ሳይሞት በሰሌዳ ላይ አይቀባም።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ደግሞ ዘር ያበጃል። ይህ ዘር ኤታኖልን ይቋቋማል። ለእርሱ ከመቶ 80 እጅ የሆነ ትራይፍሎሮ አሴቲክ አሲድ እንደሚያስፈልግና ፈሳሹም እጅግ ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ ማለፍ እንዳለበት ሊቃውንት ጽፈዋል። አባ ሰንጋ የተጠረጠረበትን ናሙና በተራ ላቦራቶሪ ለመሞከር መድፈር ጀግንነት አይደለም።

መሣሪያው ስለማይመልሰው ጥያቄ

ንባቡ ካለቀ በኋላ መሣሪያው ከተመዘገቡት ጋር አስተያይቶ ነጥብ ይሰጣል። በብዙዎች ዘንድ በሚሠራበት አንድ ሥርዓት 2.0 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የባክቴሪያው ስም ከነወገኑ ታውቋል፤ ከ1.7 እስከ 1.99 ሲሆን ዘመዱ ብቻ ታውቋል፤ ከዚያ በታች አልታወቀም ማለት ነው። ዝቅተኛ ነጥብ በወጣ ቁጥር አዲስ ባክቴሪያ ተገኘ ብሎ ከመገመት በፊት ቅቡ ወፍሮ እንደ ሆነና ኮሎኒው አርጅቶ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል።

ነጥቡ ከፍ ቢልም እንኳ የማይታመንባቸው አሉ። ተቅማጥ ከደም ጋር የሚያመጣው ሺጌላና በአንጀታችን የሚኖረው ኢሽሪሺያ ኮላይ እጅግ የተቀራረቡ ዘመዳሞች በመሆናቸው መሣሪያው በተለመደው አሠራር አይለያቸውም። የሳልሞኔላን ዘመድ ያውቃል፤ የአንጀት ትኩሳት የሚያመጣው ታይፊ የተባለው ራሱ እንደ ሆነ ግን በእርግጠኝነት አይናገርም። በእነዚህ ላይ የቀድሞው የስኳርና የሴረም ምርመራ አሁንም ቦታውን አልለቀቀም። ግርሻን የሚያመጣው ቦሬሊያ በተራ አጋር ላይ ስለማይበቅል ለመሣሪያው የሚቀርብ ኮሎኒ የለውም፤ እርሱንም እንደ ንዳድ ሁሉ በማይክሮስኮፕ ሥር በደም ቅብ መፈለግ ነው። የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገድል ለማወቅም በተለመደው አሠራር የመድኃኒቱን ክብ ወረቀት በአጋር ላይ አኑሮ ማሳደር ግድ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ይህን የወረቀት ምርመራ በደንብ የማይሠራ ላቦራቶሪ መጀመሪያ እርሱን ቢያቃና ከውዱ መሣሪያ የበለጠ ሕይወት ያድናል።

መሣሪያው ሩቅ ሲሆን

የአገራችን ናሙናዎች ወደ ውጭ አገር ተልከው በዚህ መሣሪያ የተለዩበት ጊዜ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከኦሮሚያ የተሰበሰቡ መዥገሮች በማርሴይ ሊቃውንት እጅ በዚሁ ዘዴ በየወገናቸው ተለይተዋል። መዥገር ባክቴሪያ ባይሆንም አዘገጃጀቱ ይመሳሰላል፤ እግሩ በፎርሚክ አሲድና በአሴቶኒትሪል ውስጥ ይደቅቅና ፈሳሹ በሰሌዳ ላይ ይንጠባጠባል። ከጅማ ሐኪም ቤት የተገኙ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ በአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ተመርምረዋል።

እዚህ ላይ ከላይ የተነገረው የኤታኖል መንገድ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። በ75 እጅ አልኮል ውስጥ የተበጠበጠ ባክቴሪያ ዘር የማያበጅ ከሆነ የሞተ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ለብዙ ቀን ይቆያል፤ በቅዝቃዜ ከተቀመጠ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። እንግዲህ መሣሪያው የሌለው ላቦራቶሪ ሥራውን እስከዚህ ድረስ አድርሶ፣ ቱቦውን ዘግቶ መሣሪያው ወዳለበት ሊልክ ይችላል። ሕያው ባክቴሪያ በመንገድ ከማጓጓዝ ይህ እጅግ ያነሰ አደጋ አለው። ሆኖም ኤታኖል በእሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ ለአጓጓዡ ሳይነገረው አይላክም፤ በአውሮፕላንም እንዲሁ። የላኪው ላቦራቶሪ ከዚያው ኮሎኒ ጥቂት በሕይወት ማስቀረት አለበት፤ መልሱ አጠራጣሪ ሆኖ ሲመጣ እንደ ገና የሚመረመረው እርሱ ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የተላከ ቱቦ ላይ ስም የሚጻፈው በእርሳስ፣ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይሁን። በቱቦው ገላ ላይ በተራ ቀለም የተጻፈውን አንዲት የኤታኖል ጠብታ ስታመልጥ ታጥበዋለች፤ ሰባት ቱቦ ልኮ ስማቸው የጠፋ ሰባት ቱቦ የተመለሰለት መርማሪ ሥራውን ከደም ጠርሙሱ እንደ ገና ይጀምራል።